ዋና የማይችል ቤተሰብ ጀልባ ይከራይ?

ጥያቄ

«ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጅ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ባለቤቴ የራሱ ሚኒባስ አለው፤ ከዚህ ቃሊቲ ይሠራል። እኔ ትንሽ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለችኝ። ስንቆጥብ ከርመን ዘንድሮ ትልቁ እቁብ ሲደርሰን፣ ልጆቹ ትምህርት ሲዘጉ ዛንዚባር ለአምስት ቀን ልንሄድ ወሰንን። አማቴም አብረውን ይሄዳሉ፤ የእሳቸውን ወጪ ውጭ አገር ያለው ልጃቸው ይሸፍናል። ትኬት ገና አልቆረጥንም። ያሰብነው ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ነው።

ጭቅጭቁ የመጣው በጀልባ ነው። ባለቤቴ ‹አንድ ጠዋት ለብቻችን ጀልባ እንከራይ፣ ግማሽ ቀን ባሕር ላይ እንዋል› ይላል። ምኔምባ የምትባል ደሴት ፎቶ ስልኩ ላይ ይዞ ይዞራል። እኔ ‹ገንዘብ ማባከን ነው፤ ከሌላ ቱሪስት ጋር ተቀላቅለን ብንሄድ ይረክሳል› አልኩት። ከዚያ ወዲህ ጉዞው በተነሣ ቁጥር እንኮራረፋለን። እውነቱን ለእርስዎ ልንገርዎት። ውሃ በጣም እፈራለሁ። ማናችንም ዋና አንችልም። ሱሉልታ ዘመድ ጥየቃ ስንሄድ እንኳ የእንጦጦን ኩርባ ሳንጨርስ ያስመልሰኛል። ወንዱ ልጄ 9፣ ሴቷ 4 ዓመቷ ነው። አማቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ጾምም አጥባቂ ናቸው። ስለ ጀልባው ገና አልሰሙም። ጀልባው ማባከን ነው ወይስ አይደለም? አማቴንስ ምን ልበላቸው?»

የሁለት ልጆች እናት፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ

እህቴ፣ ከገንዘቡ በፊት ያለውን ነገር እናንሣ። ለባልሽ «ማባከን ነው» አልሽው። ለእኔ ደግሞ «እፈራለሁ» ብለሽ ጻፍሽ። እሱ ሁለተኛውን አልሰማም። ስለዚህ የሚመልስልሽ ስለ ብር ነው። «ለፍቼ ያመጣሁትን አንድ ቀን ብደሰትበት ምን አለበት?» ይላል። አንቺ ደግሞ ሌላ ሒሳብ ትጨምሪያለሽ። እንዲህ እየተባባላችሁ እስከ ክረምት ብትዘልቁም አትስማሙም። የምትከራከሩበት ጉዳይና የሚያስጨንቅሽ ጉዳይ ለየቅል ናቸውና።

ልጆቹ ሲተኙ አረፍ በሉና አንድ ነገር ብቻ ንገሪው። «ገንዘቡ አይደለም። ውሃ እፈራለሁ። ለልጆቹም እፈራለሁ።» በቃ። ማብራሪያ አትጨምሪ፤ እሱ ይጠይቅሽ። ፍርሃትሽ የሚያሳፍር አይደለም። ደጋ ተወልደን ያደግን ሰዎች ነን። ለብዙዎቻችን ውሃ ማለት በርሜልና ጀሪካን ነው፤ ክረምት ላይ ደግሞ ጎርፍ። ዋና ሳይችሉ ጥልቅ ውሃን መፍራት የጤነኛ ሰው ነገር ነው። የአራት ዓመት ልጅ ታቅፈሽ ምንም ባትፈሪ ነበር እኔ የምሰጋው።

የእሱንም አስቢለት። ሚኒባስ የሚሠራ ሰው ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ሲታገል ነው የሚውለው። ረዳቱ ይጮሃል፣ ተራ አስከባሪው ይጠብቀዋል፣ ትራፊክ ያስቆመዋል፣ ተሳፋሪ መልስ ይለዋል። ሌላ ሰው የሚነዳው፣ የራሱ ቤተሰብ ብቻ የተሳፈረበት፣ «ወራጅ አለ» የማይባልበት ግማሽ ቀን ቢያምረው አይፈረድበትም። ይህ የእኔ ግምት ነው። ትክክል መሆኑን ግን እሱን ጠይቂው። ጀልባው ምኑ እንደሆነ ሲነግርሽ፣ የሚፈልገው የግድ ያቺን ፎቶ ላይ ያለችውን ደሴት ላይሆን ይችላል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። እንደ እኔ ከሆነ ለእናንተ ቤተሰብ የግል ጀልባው ማባከን አይደለም። ከሌሎች ጋር ከመሄድ ይሻላችኋል። ነገር ግን ምኔምባ አይሁን፤ ነሐሴ መጀመሪያም አይሁን። ሁለቱንም እመለስባቸዋለሁ።

ብዙ ሰው በተሳፈረበት የጋራ ጀልባ ላይ ልጅሽ ብታለቅስ፣ አንቺን ቢያስመልስሽ፣ አማትሽ «በቃኝ» ቢሉ ጀልባው አይመለስም። ሌሎቹም ከፍለዋል። አንቺም ሰው እንዳይቸገር ብለሽ ዝም ትያለሽ፤ እኛ ደግሞ በይሉኝታ የታወቅን ነን። በግል ጀልባ ግን «እንመለስ» ካልሽ ይመለሳል። አንድ ቦታ ደስ ካላችሁ ትቆያላችሁ። ለሚፈራ ሰው ገንዘቡ የሚገዛው ነገር ይኸው ነው፤ ማቆም መቻል። ግማሽ ቀን መሆኑም ለእናንተ ልክ ነው። ሙሉ ቀን ለአራት ዓመት ልጅና ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናት ይበዛል።

ሒሳቡን ደግሞ እንዲህ አስሉት። የጋራ ጉዞ የሚከፈለው በሰው ነው። የግል ጀልባ ግን ብዙ ጊዜ በጀልባ ነው የሚከፈለው፤ ሁለትም ሁኑ አምስት ያው ነው። ስለዚህ የጋራውን ዋጋ በአምስት አባዙና ከግሉ ጎን ጻፉት። ልዩነቱ አንቺ እንደፈራሽው ላይሆን ይችላል። ከዚያ ውስጡ ምን እንዳለ ጠይቁ። ነዳጅ፣ ውሃና ፍራፍሬ፣ ላይፍ ጃኬት፣ የደሴቱ መግቢያ፣ ከሆቴል ማመላለሻ። «ሁሉም አለበት» የሚል መልስ አይበቃም። አንድ በአንድ በጽሑፍ ይላኩላችሁ።

የዶላሩን ነገር ሳታውቂው አትቀሪም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ በብር የተቀመጠ ቁጠባ በዶላር ሲታይ ሳስቷል። ስለዚህ ጀልባውን ከማሰባችሁ በፊት የማይቀሩትን ወጪዎች አውጡ። ዛንዚባር እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1 ቀን 2024 ጀምሮ ከውጭ የሚገባን መንገደኛ የራሷን ኢንሹራንስ እንዲገዛ ታስገድዳለች። ዋጋው ለአዋቂ 44 ዶላር ነው፤ ሌላ ኢንሹራንስ ቢኖራችሁም አይቀርም። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ትጠየቃላችሁ፤ ከእኛ አገር ለሚሄድ ግዴታ ነው። ካርዱ የሚሠራው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻው ሳምንት አትተዉት። አማትሽ ከ60 ዓመት በላይ ከሆኑ ከመከተባቸው በፊት ሐኪም ያማክሩ። በዚያ ዕድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ጥንቃቄ የሚፈልግ ክትባት ነው።

ቀብድ ትንሽ ይሁን፤ ቀሪው ጀልባው በዓይን ታይቶ ይከፈል። ነፋስ ቢነሣና ጉዞው ቢቀር ቀብዱ ይመለስ እንደሆነ ቀድማችሁ ተስማሙ። ባሕሩ ዳር ላይ እየተከተሉ «ጀልባ፣ ጀልባ» የሚሉ ደላሎች አሉ፤ እዚያ ፓፓሲ ይሏቸዋል። ስድብ ሳይሆን ፈገግታ ሰጥታችሁ እለፏቸው። ፈቃድ ባለው አስጎብኚ ወይም በሆቴላችሁ በኩል ተከራዩ፤ ደረሰኝም ተቀበሉ።

አሁን ወደ ምኔምባ። የምኔምባ ፎቶ የሚያምር ነው፤ ባልሽ አይሳሳትም። ነገር ግን ደሴቷ ላይ ያለው የግል ሎጅ ነው። በጀልባ የሚመጣ ጎብኚ ያቺን ነጭ አሸዋ አይረግጣትም። ጀልባው ዙሪያዋን ባለው የኮራል ድንጋይ አጠገብ ይቆማል፤ ሰዉ መነጽርና መተንፈሻ ቱቦ አድርጎ ውሃ ውስጥ ይገባል። ዓሣው፣ ቀለሙ፣ ሁሉም ነገር ያለው ከውሃው በታች ነው። ዋና ለሚችል ሰው ትልቅ ነገር ነው። ማናችሁም የማትዋኙ ከሆነ ግን ቆሞ በሚወዛወዝ ጀልባ ላይ ተቀምጣችሁ ሌላው ሲዋኝ ልታዩ ነው። ዶልፊን ሲታይ ደግሞ በርካታ ጀልባዎች ተሯሩጠው ይከቧቸዋል። እንስሳቱን እረፍት የሚነሳ ነገር ነው፤ እኔ ልጆቼን እዚያ መሃል አልወስድም።

በዚያ ላይ ወቅቱ አለ። በእኛ ክረምት ዛንዚባር ብዙ ዝናብ የለም፤ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ጊዜ ነው። እዚህ ቱሉ ዲምቱ ጭቃውን ስትረግጡ እዚያ ፀሐይ ነው። ግን ኩሲ የሚሉት ነፋስ ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍሰው በዚሁ ወቅት ነው። ምኔምባ ያለችው በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ነው፤ በዚያ በኩል ባሕሩ ይናወጣል። ምዕራቡ፣ ማለትም ስቶን ታውን የሚሉት አሮጌው ከተማ ያለበት ዳር፣ ደሴቱ ራሱ ስለሚከልለው ረጋ ይላል። እንጦጦ ላይ ለሚያስመልሰው ሰው ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም።

ስለዚህ ለእናንተ የምመርጠው ከስቶን ታውን ተነሥቶ ቻንጉ የምትባለው ደሴት ደርሶ፣ ሰዓቱ ከፈቀደ ናኩፔንዳ የሚባለውን የአሸዋ ቁልል አይቶ መመለስ ነው። ቻንጉ ከከተማው ወደ ስድስት ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው። በሞተር ጀልባ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ከባሕሩ ዳር ቆመሽ ታያታለሽ፤ ደሴቷ ላይ ሆነሽም ከተማውን ታያለሽ። መሬት ከዓይንሽ አይጠፋም። እንግሊዞች እስር ቤት ብለው በ1890ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሠሩት ሕንፃ አሁንም አለ። እስረኛ ሳይገባበት ቀርቶ ከመርከብ የሚወርዱ ሰዎች በወረርሽኝ ሥጋት የሚለዩበት ጣቢያ ሆነ።

ለልጆቹ ግን ዋናው ነገር ኤሊዎቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1919 ከሲሼልስ በስጦታ የመጡ አራት ግዙፍ ኤሊዎች እዚያ ተራብተዋል። ዕድሜያቸው ጀርባቸው ላይ በቀለም ተጽፏል፤ መቶ ያለፋቸው አሉ። ልጆች ቅጠል በእጃቸው ያበሏቸዋል። ኤሊው አንገቱን ቀስ ብሎ ያስረዝምና ቅጠሉን ሲነጭ ድምፁ ይሰማል። የአራት ዓመት ልጅሽ ይህን ትረሳለች ብዬ አላስብም። አማትሽም እዚያ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ሊያዩ ይችላሉ። መጸዳጃም አለ፤ ይህ ለናንተ ቀላል ነገር አይደለም፣ ምክንያቱም ናኩፔንዳ ላይ ምንም የለም። ዛፍ የለም፣ ቤት የለም፣ አሸዋ ብቻ ነው። ጀልባ ነጂዎቹ ጥላ ይተክላሉ። ከዚያ በላይ አትጠብቁ።

ናኩፔንዳ ባሕሩ ሲሞላ ይዋጣል። ይህን ስትሰሚ እንዳትደነግጪ፤ በሰዓት የሚታወቅ ነገር ነው። እዚያ ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት እስከ አራት ሜትር ይደርሳል። ሰዓቱም በየቀኑ በ50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ስለዚህ የጀልባ ቀን ስትቆርጡ «በዚያ ቀን ባሕሩ ስንት ሰዓት ይጎድላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሳያቅማማ የሚመልስ ጀልባ ነጂ ሥራውን ያውቃል። «ችግር የለም፣ ሁልጊዜ ይሆናል» የሚላችሁን ተዉት። የመነሻ ሰዓቱን ስትቀጥሩም ተጠንቀቁ። እነሱ በቋንቋቸው ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛው ነው፤ በእንግሊዝኛ ሲያወሩ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በሁለቱም አረጋግጡ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ስለሚበረታ ጠዋት ይሻላል።

አሁን ልቤ ወዳለበት ነገር ልምጣ፤ ላይፍ ጃኬት። ፎቶው፣ ምሳው፣ ዋጋው ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው። «ላይፍ ጃኬት አለ ወይ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ሁሉም «አለ» ይላል። አዎ፣ የአዋቂ አለ። የልጅ ስለመኖሩ ነው የምትጠይቁት። ከመሄዳችሁ በፊት ሁለቱን ልጆች ሚዛን ላይ አውጧቸው፤ ሰፈር ውስጥ ሚዛን ይዞ የተቀመጠ ልጅ አይጠፋም። ኪሎአቸውን ለአስጎብኚው ጻፉለት። «ለዚህ ኪሎ የሚሆን ጃኬት ፎቶ አንሥተህ ላክልን» በሉት። ካልላከ ሌላ ፈልጉ። እዚህ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም።

ጃኬቱን ስታገኙ ውስጡን ገልጣችሁ እዩ። ለስንት ኪሎ ሰው እንደተሠራ ተጽፎበታል። ለልጅቷ አልብሻት፤ ዚፑን ዝጊ፣ ማሰሪያዎቹን ሁሉ አጥብቂ። ከዚያ ሁለቱን ትከሻ ይዘሽ ጃኬቱን ወደ ላይ ሳቢው። ከጆሮዋ ካለፈ ሰፍቷታል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ጃኬት ውሃ ውስጥ ብትገባ እሱ ይንሳፈፋል፣ እሷ ከሥሩ ትንሸራተታለች። ለትንሽ ልጅ በእግሮቿ መካከል የሚያልፍ ማሰሪያ፣ ከአንገቷም ኋላ ጭንቅላት የሚደግፍ ትራስ ያለው ነው የሚመረጠው። ክንድ ላይ የሚነፋውና ወገብ ላይ የሚገባው ጎማ መጫወቻ ነው፤ በእሱ እንዳትተማመኑ። ጃኬቱ የሚለበሰው ገና ዳር ላይ ሳላችሁ ነው፤ የሚወልቀውም ዳር ስትደርሱ ነው። አዋቂዎቹም ጭምር። ባልሽ «እኔ ግድ የለኝም» እንዳይል። ዋና የማይችል አባት ለልጁ ሲል ውሃ ውስጥ ቢገባ ሁለት ሰው ነው የሚፈለገው።

ጀልባውን የሚመረምረው ባልሽ ይሁን። ለዚህ ከእሱ የተሻለ ሰው አታገኚም። ትርፍ መጫን ምን እንደሆነ ያውቃል፣ ሞተር ድምፁ ሲበላሽ ይለያል፣ ለሚኒባሱ ቦሎ እንደሚጠየቀው ሁሉ የጀልባውን ፈቃድ መጠየቅ አያሳፍረውም። ስንት ሰው እንዲጭን ተፈቅዶለታል? ሞተሩ ቢቆም ሁለተኛ ሞተር አለ? ከነጂው ሌላ ረዳት አለ? ሬዲዮ ወይም ኔትወርክ ያለው ስልክ ይዘዋል? ጥላ አለው? እነዚህን ይጠይቅ። እ.ኤ.አ. መስከረም 2011 ከዛንዚባር ወደ ፔምባ ደሴት ስትጓዝ የነበረች የሕዝብ መርከብ ከአቅሟ በላይ ጭና ሰጥማ ከ200 በላይ ሰው አልቋል። እናንተ የምትሄዱበት አጭር መንገድ ከዚያ ጋር አይገናኝም። ምክንያቱ ግን ባልሽ በየቀኑ የሚያየው ነው፤ ትርፍ። ነጂው «አንድ ዘመዴን እግረ መንገዴን ላድርስ» ቢል እንኳ «ለብቻችን ነው የተከራየነው» ማለት መብታችሁ ነው። ጠዋት ተነሥቶ «ዛሬ ነፋስ አለ፣ አይሆንም» ካለ ደግሞ አትከራከሩት። ለዚህ ነው የጀልባውን ቀን ለመጨረሻው ቀን አትተዉት የምለው፤ በሁለተኛው ቀን ያዙት፣ ካልሆነ ወደ ኋላ የሚገፋ ቀን ይኖራችኋል።

ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ነገር ሞክሩ። ፍጥነት መንገዱ የሚጀምረው ደጃችሁ ላይ ነው፤ ቢሾፍቱ ቅርብ ነው። ሐይቆቹ ዳር ካሉት ሎጆች ጀልባ የሚያከራዩ አሉ። አንድ እሑድ ሂዱና በጃኬት ግማሽ ሰዓት ተሳፈሩ። ሐይቅ እንደ ባሕር ማዕበል ስለሌለው ማስመለስሽን አይፈትነውም። ልጅቷ ጃኬት ለብሳ ትቀመጥ ወይም ታውልቀው ብላ ታለቅስ እንደሆነ ግን ታያላችሁ። አንቺም ከጥልቅ ውሃ በላይ መቀመጥ ምን እንደሚመስል አገርሽ ላይ ሆነሽ ታውቂዋለሽ። እዚያ ላይ «አልችልም» ካልሽ ጉዳዩ ተወስኗል ማለት ነው። ባልሽም በዓይኑ አይቶታልና አይከራከርሽም።

ስለ ማስመለሱ። የእንጦጦው ኩርባ የሚያደርግሽን ባሕርም ያደርግሻል፤ አስቀድመሽ ተዘጋጂ። ፋርማሲ ሄደሽ ለጉዞ የሚሆን የማስመለስ ማስታገሻ ጠይቂ፤ ዳይመንሃይድሪኔት የሚባለው አንዱ ነው። ከመሳፈርሽ አንድ ሰዓት ገደማ በፊት ነው የሚወሰደው። ካስመለሰሽ በኋላ ብትውጪው ብዙም አይረዳሽም። እንቅልፍ ያመጣል፤ ስለዚህ እንዴት እንደሚያደርግሽ እዚሁ ቤትሽ አንድ ቀን ሞክሪው። ለልጅቷ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትስጪያት። አማትሽም የግፊት ወይም የዓይን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ፋርማሲስቱ ይወቅ። ባዶ ሆድሽን አትሂጂ፤ ዳቦና ሻይ ይበቃል። ጀልባው ላይ ወደ ኋላና ወደ መሃል ተቀመጪ፤ ፊት ለፊቱ ነው ብዙ የሚዘልለው። የነዳጁ ሽታ ከሚመጣበት ግን ራቂ። ዓይንሽን ሩቅ መሬት ላይ አድርጊ። ስልክ አትንኪ፤ ፎቶውን ባልሽ ያንሣ። ጀልባ ደግሞ ከመሄዱ ይልቅ ሲቆም ነው ሆድ የሚያገላብጠው። ስለዚህ ነጂውን «መሃል ላይ መልህቅ አትጣል፣ ቀጥታ ደሴቱ ላይ አውርደን» በሉት። የግል ጀልባ የሚጠቅመው ለዚህም ነው።

ጥቂት የዕቃ ነገር። ለሁሉም የማይንሸራተት የላስቲክ ጫማ ያዙ፤ ባሕሩ ውስጥ እሾሃም ፍጥረት አለ፣ ቢወጋ ያማል። ለልጆቹ እጅጌው ረጅም የሆነ ስስ ልብስና ኮፍያ፤ ፀሐዩ ከላይም ከውሃውም ነው የሚመጣው፣ ነፋሱ ስላለ አይታወቃችሁም። ውሃ ብዙ ጠጡ። ፌስታል ሻንጣችሁ ውስጥ እንዳታደርጉ፤ ታንዛኒያ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2019 ጀምሮ ለመንገደኛም ጭምር ከልክላለች፣ ዛንዚባር ደግሞ ከዚያ በፊት ነው የከለከለችው። ጫማችሁን በጨርቅ ጠቅልሉት። ከተማው ውስጥ ስትሄዱ ትከሻና ጉልበት ይሸፈን፤ ሕዝቡ በሞላ ጎደል ሙስሊም ነው፣ አለባበስ ያከብራል።

ወደ አማትሽ ልመለስ። እሳቸው ጋ ሦስት ነገር አለ፤ ጉልበታቸው፣ ጾማቸውና ፈቃዳቸው።

ጉልበቱን በተመለከተ፣ እዚያ ብዙ ጊዜ ጀልባ የሚወጣው ከአሸዋው ዳር ነው። ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበት ገብቶ፣ ጀልባው ትንሽ እየተወዛወዘ፣ በመሰላል ነው። ይህን አስቀድማችሁ ለአስጎብኚው ንገሩት። ሰፊ መሰላል ያለው ጀልባ ይምረጥ፣ ከተቻለ ከመርከብ ማቆሚያው ያሳፍራችሁ፣ ሁለት ሰው ይደግፋቸው። ረጅም ቀሚስ ከረጠበ እግር ላይ ይጠቀለላል፤ ወደ ላይ የሚሰበሰብ ይልበሱ። ነጠላቸውንም ነፋሱ እንዳይወስደው ይታሰር።

ጾሙ ደግሞ ቀኑን የሚወስነው ነው። ነሐሴ መጀመሪያ ፍልሰታ ነው፤ ነሐሴ 1 ገብቶ ነሐሴ 16 ይፈታል። አማትሽ እስከ ቅዳሴ ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ጠዋት በባዶ ሆዳቸው፣ ውሃ እንኳ ሳይጠጡ፣ ፀሐይ ላይ ጀልባ ሊሳፈሩ ነው። መድኃኒት መውሰድም አይሆንላቸውም። ጀልባ ላይ የሚቀርበው ምግብም በአብዛኛው ዓሣና የባሕር ነገር ነው። እሳቸው ደግሞ ሰው እንዳይቸገር ብለው ዝም ይላሉ። እናንተም እዚያ ስትበሉ ይከብዳችኋል። በፍልሰታ ሱባኤ መግባት የሚፈልጉም ከሆነ ሐሳባቸው እዚህ ደብራቸው ጋ ነው የሚሆነው። ትኬቱ ገና ስላልተቆረጠ ጉዞውን ከነሐሴ 16 በኋላ አድርጉት። ልጆቹም ገና ትምህርት አይጀምሩም።

ፈቃዳቸው ግን ከሁሉም በላይ ነው። «ምን ልበላቸው?» ብለሻል። እኔ የምልሽ፣ አንቺ አትንገሪያቸው። ባልሽ ይንገራቸው፤ እናቱ ናቸው። አንቺ ብትነግሪያቸው ሐሳቡ የማን እንደሆነ ግራ ይገባቸዋል። «አልወድም» ለማለትም ከምራታቸው ይልቅ ከልጃቸው ጋር ይቀላቸዋል። እሱም ሲነግራቸው «ተከራይተናል» ብሎ አይሁን፤ ገና ሳይከፈል «እማዬ፣ እንዲህ አስበናል፣ እርስዎስ?» ብሎ ይጠይቃቸው። ዳሩ ላይ ቆመው ደሴቷን በዓይናቸው አይተው መወሰን እንደሚችሉም ይንገራቸው። ይህ የሚሆነው የጀልባው ቀን ከደረሳችሁበት ማግስት እንዲሆን ካደረጋችሁ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን አመሻሽ ፎሮዳኒ የሚባለው የባሕር ዳር መናፈሻ ወስዳችሁ ታሳይዋቸዋላችሁ። «እኔ እዚሁ እቆያለሁ» ካሉም ቅር አትሰኙ፤ የሚቀመጡበትን ጥላና የሚያጫውታቸውን ሰው አዘጋጁላቸው። አንቺም ያኔ ከእሳቸው ጋር ልቀር ብትይ ማንም ሊቀየምሽ አይገባም። ጀልባው በሰው ስላልተከፈለ፣ ሁለታችሁ ብትቀሩም ባልሽና ልጆቹ ኤሊዎቹን አይተው ሊመለሱ ይችላሉ። ልጅቷ ጃኬቱ ልክ ከሆነላት ብቻ።